ከጅረቱ ማዶ የመጣ ወንበር

ድህነት ለመለካት የሚዞር ሰው መጀመሪያ የሚዝለው እግሩ ነው፤ ቀጥሎ ምላሱ። አንድ ጥያቄ በቀን አሥር ቤት መጠየቅ ጭቃ ከመርገጥ ይብሳል።

ገበሬው ሁሉ አንድ ለአምስት በተደራጀበት ጊዜ ፍኖተ ሰላም አስተምር ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለአንድ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጠርኩና ከቡሬ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ደረሰኝ። ጥናቱ ድህነትን በገቢ ብቻ አይለካም። የሚጠጣው ውኃ፣ የልጆቹ ትምህርት፣ ሽንት ቤቱ፣ ወለሉ፣ አልጋው፣ ወንበሩ፣ ሬዲዮው ሁሉ ይጠየቃል። መልሱ «አለ» ወይም «የለም» ነው። «የለም» የበዛበት ቤት ለቀበሌው ይነገርለትና የነጻ ሕክምና ወረቀት በቅድሚያ ያገኛል ተብሎ ነበር። ሰው የተናገረውን ብቻ ጻፉ፣ ከራሳችሁ አትጨምሩ፤ በሥልጠናው ላይ እስኪሰለቸን የሰማነው ይህንኑ ነው። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ፤ ደንብ ሲሉኝ ደንብ ነው።

በአራተኛው ቀን ባላቸው ከሞተባቸው ወዲህ ብቻቸውን ከሚኖሩ እናት ቤት ገባን። መንገድ የሚመሩኝ ሽማግሌ ሚሊሻ ከደጅ ሲጣሩ «ቤት ለእንግዳ» ብለው ተቀበሉን። የሴትዮዋ የዐይን ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍታቸው ብሌናቸውን ይወጋ ነበር። አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር ወረንጦ አንጠልጥለዋል፤ የጎረቤታቸው ሚስት በየሳምንቱ እየመጣች የሚወጋቸውን ሽፋሽፍት ትነቅልላቸዋለች። ሐኪም ቤት ሄደው ቆቡ በቀዶ ሕክምና ካልተስተካከለላቸው ዐይናቸው እንደሚጠፋ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም።

ቤቱ ግን አልጋ ነበረው። መደገፊያ ያለው ወንበር አቀረቡልኝ፤ ግድግዳው ላይ ሬዲዮ ተንጠልጥሏል። ስጠይቃቸው ለሁሉም «አለ» አሉኝ። ቂጣ በልቼ፣ መርቀውኝ ወጣሁ።

በማግስቱ ጅረቱን ተሻግሬ ጎረቤታቸው ቤት ስቀመጥ ወንበሩን አወቅሁት። አንድ እግሩ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። ሬዲዮውም ያው ነው፤ የባትሪ ክዳኑ ጠፍቶ በጎማ ቁራጭ ተጠፍሯል። ባለቤቱን ብጠይቀው ምንም ሳያፍር፣ እቃው ትናንት ለእኔ ክብር ወደ ሴትዮዋ ቤት ተሻግሮ እንደነበረና አልጋውንም ራሱ ተሸክሞ እንዳደረሰ ነገረኝ። መሪዬ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «እንግዳ ይመጣባችኋልና ቤታችሁን አሰናዱ» ብለው ለምእመኑ አስታውቀው ኖሯል። እዚያ አገር እንግዳ ባዶ ቤት አይቀመጥም፤ የሌለው ካለው ያመጣል። አንዱን ወንበር በስንት ቤት እንደቆጠርኩት እግዜር ይወቅ።

ተናደድኩ። የተናደድኩት በሴትዮዋ አልነበረም ብል ውሸት ነው። ጭቃውን እያቦካሁ ተመለስኩና ነገሩን አስረዳኋቸው፤ የሕክምናውን ወረቀት ጭምር። እቃው የሰው መሆኑን አምነው በአፋቸው «የለኝም» ካሉኝ አርሜ እጽፋለሁ አልኳቸው። መሪዬ ራሳቸውን አቀርቅረው መሬቱን በዱላቸው ይጭራሉ።

«ትናንት ቂጣዬን በልተሽ፣ ዛሬ የለኝም በይ ትይኛለሽ?» አሉኝ። «ባሌ ከሞተ ወዲህ ለማንም የለኝም ብዬ አላውቅም፣ ልጄ።»

«ለዐይንዎ ብዬ ነው እኮ።»

«ወረቀቱ ለድሃ ይሁን።»

አንድ ጊዜ ደግሜ ብለምናቸው፣ ወይም አፌን ዘግቼ እጄን ባሠራው ምን ነበረበት? ግን ደክሞኝ ነበር፤ ሦስት ቤት ይቀረኛል፣ ሰማዩም ጠቁሯል። የተናገሩትን ጽፌያለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ ብዬ መጠይቁን ከደንኩት። ወረቀቱ ሲታደል የእሳቸው ስም አልነበረበትም።

በዓመቱ ያው ጥናት ለማነጻጸሪያ ተመልሶ መጣ፤ እኔም ተመለስኩ። ደጃፋቸው ቆሜ ስጣራ ማንነቴን በድምፄ ለዩት። መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ዐይናቸው ነጥቷል። አንገታቸው ላይ ማተባቸው ብቻ ቀርቷል። ሰላምታችን ሳያልቅ ወደ ጓሮ ዞረው ጮክ ብለው ተጣሩ፤ ከማዶ ጎረቤታቸው አቤት አለ። እንግዳ መጥታብኛለች አሉት። ተዉ መደቡ ይበቃኛል ብላቸው አልሰሙኝም።

አጠገባቸው ተቀመጥኩና መጠይቁን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ቶሎ ቶሎ ጠየቅኳቸው። አልጋ አለ አሉኝ። ሬዲዮም አለ አሉኝ።

«ወንበርስ አለዎት?»

«አለ፤ እየመጣ ነው።»

«እሺ፣ አለ ብዬ ጽፌያለሁ» አልኳቸው። ጎሽ ልጄ አሉኝ።

የጻፍኩት ግን ከላይ እስከ ታች «የለም» ነበር። እጄን የያዘኝ አልነበረም። አምናም የሚይዘኝ አልነበረም፤ ሴትዮዋ ፊደል አልቆጠሩም፣ መሪዬም ዐይናቸውን ከመሬት አላነሱም ነበር። በራሴ አፈርኩ፤ እስከ ዛሬም አፍራለሁ።

ጎረቤትየው እያለከለከ ወንበሩን አስገባ። እግሩ ዛሬም በጠፍር እንደታሰረ ነው። ሴትዮዋ በእጃቸው ዳብሰው መደገፊያውን ወደ ግድግዳው አዞሩትና ተቀመጪ አሉኝ። ተነሥቼ ተቀመጥኩበት።