ርግቦቹና የእማዬ ስልክ

ልጅ እያለሁ ጦርነት ማለት ስልክ የማይገባበት ቦታ ይመስለኝ ነበር። አሜሪካ ውስጥ አውሮራ ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባለ አሮጌ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ነበር የምንኖረው። ኢትዮጵያና ኤርትራ ሲዋጉ በመካከላቸው የነበረው የስልክ መስመር ተቆረጠ። አዲስ አበባ ያለች እናት አስመራ ላለች ልጇ መደወል አልቻለችም። ከአሜሪካ ግን ሁለቱም ጋ ይገባል። የዚያ ዘመን ልጆች ታስታውሱ እንደሆነ፣ ስንትና ስንት ቤተሰብ የተነጋገረው እንደ እኛ ባለ ጠባብ ሳሎን በኩል ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማዬ ነጠላዋን ሳታወልቅ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ትልና የስልክ ካርዷን በሳንቲም ትፍቃለች። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ እማማ ጋ ትደውላለች። እማማ አያቴ ናቸው። ቀጥሎ አስመራ፣ ታናሽ እህቷ ጽጌ ጋ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ዮናስ በመስኮቱ የምትገባዋ ፀሐይ ያሞቀችው ምንጣፍ ላይ በሆዳችን ተኝተን እናዳምጣለን። ከምድር ቤቱ ላውንድሪ የሚወጣው የሳሙና ሽታ ክፍሉን ይሞላዋል። እስከ ዛሬ የታጠበ ልብስ ሲሸተኝ የሩቅ ሰው ድምፅ የምሰማ ይመስለኛል።

አክስቴ ጽጌና እማማ ተኳርፈው ነበር። የጽጌ ባል ኤርትራዊ ስለነበር ከአዲስ አበባ ሲባረር ልጆቿን ይዛ ተከተለችው። እማማ በር ላይ ቆመው፣ "ከዚህ ደጃፍ ከወጣሽ እናት አለኝ እንዳትዪ" አሏት። እሷም ወጣች። እማዬ በትሪ ዌይ፣ ሦስት ሰው በአንድ መስመር በሚያወራበት፣ ላገናኛችሁ ብትል እማማ፣ "ድምፅዋን አልሰማም" አሉ። ጽጌም የእናቷ ልጅ ናትና፣ "እኔስ መች ለመንኳት" አለች። ስለዚህ እማዬ ከአንዷ የሰማችውን ለሌላዋ ታደርሳለች፤ ያውም እንደ ወረደ። ጽጌ ወንድ ልጅ ስትወልድ እማማ ያሉት፣ "ሰምቻለሁ በያት" ብቻ ነበር። ከአስመራ የተመለሰው፣ "ከሰማች ይበቃታል" የሚል ሆነ። እማዬ ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ይጠቁራል። አንድ ቀን ለአባዬ፣ "የእማማ ደም ግፊት እየባሰባት ነው። እንደተኳረፉ አንድ ነገር ብትሆንስ? ጽጌ በምን አንጀቷ ትችለዋለች?" ስትለው ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ እሑድን ጠላሁት።

ከሕንፃችን ጀርባ፣ ከአጥሩ ማዶ ባለች ትንሽ ቤት ሚስተር ሮይ የሚባሉ ነጭ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ጓሯቸው ውስጥ የእንጨት ቤት ሠርተው ርግብ ያረባሉ። ከትምህርት ቤት መልስ ፓርኪንጉ ዳር ያለው ሣር ላይ ተንጋልዬ ርግቦቹን አያለሁ። ሁሉም በአንድ ላይ ሲታጠፉ ከሰማዩ ላይ ጥፍት ይሉና፣ ደግሞ ሲዞሩ ፀሐይ ሆዳቸውን ትመታውና ነጭ ሆነው ይወጣሉ። የክንፋቸው ድምፅ እላዬ ላይ ሲያልፍ ሰውነቴ ቅልል ይለኛል። ያለሁት መሬት ይሁን ሰማይ የምረሳበት ጊዜ ነበር፤ እማዬ ለራት ስትጣራ እንኳ ቶሎ አልሰማትም።

ሚስተር ሮይ እንደነገሩን፣ አባታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወታደር ርግቦች ጠባቂ ነበሩ። የስልኩ ሽቦ በመድፍ ሲበጣጠስ ወታደሮቹ በቅርጫት ይዘዋት በሄዱት ርግብ እግር ላይ ትንሽ ወረቀት አስረው ይለቋታል። እሷም በተኩሱ መሀል አልፋ ጣቢያዋ ትደርሳለች። ዮናስ ይህን ሲሰማ ብድግ አለ። ለአክስት ጽጌም እንላክላት አለ። ሚስተር ሮይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ርግብ የላኳት ቦታ አትሄድም አሉን፤ የምታውቀው ወደ ቤቷ መመለስ ብቻ ነው። ከአስመራ ወረቀት እንድታመጣ መጀመሪያ ከዚህ ተሸክሞ አስመራ የሚያደርሳት ሰው ያስፈልጋል። ዮናስ አኮረፈ። እኔ ግን ለብዙ ቀን፣ በጽጌ መስኮት የተለቀቀች ርግብ ቀይ ባሕርን ተሻግራ፣ ደመና ለደመና እየመጣች ፒዮሪያ ስትሪት መብራት ላይ ስታርፍ በሕልሜም በእውኔም አየኋት።

አንድ ቅዳሜ ሚስተር ሮይ ርግቦቹን ለማለማመድ ወደ ምሥራቅ፣ ሜዳው ላይ ሊወስዷቸው ሆነ። እማዬ ብቻችሁንማ አትሄዱም ብላ አብራን መጣች። ተራሮቹ ከኋላችን ቀጭን ሰማያዊ መስመር እስኪመስሉ ድረስ ነዳን። ነፋሱ ደረቅ ሣር ደረቅ ሣር ይሸታል። ቅርጫቱ ሲከፈት ርግቦቹ በአንዴ ግር ብለው ወጡ። ከላያችን ዞሩ፣ ደግመው ዞሩ፣ ከዚያ አንዳች ነገር እንደተነገራቸው ሁሉ ወደ ቤታቸው ቀጥ አሉ። እማዬ በእጇ ፀሐይዋን ከልላ እስኪጠፉ ታያቸው ነበር።

"የተሸከመችውን ታውቀዋለች ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ" አለችኝ።

ጠየቅኳቸው። ሚስተር ሮይ ሳቁ። አታውቅም፤ ብታውቅማ ስንቷ መንገድ ላይ ትቀር ነበር አሉ። ይህን ስተረጉምላት እማዬ አልሳቀችም። ቤት እስክንደርስ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር።

በማግስቱ እማማ በስልክ፣ "ልጁን ማን ብላ ስም አወጣችለት?" ብለው ጠየቁና ወዲያው፣ "ለነገሩ ምን አገባኝ" አሉ። እማዬ ዘግታ አስመራ ደወለች።

"ጽጌዬ፣ እማማ የልጅሽን ስም ጠየቀችኝ። እደግ፣ ተመንደግ ብላዋለች። አንቺንም ማሕፀንሽ ይባረክ ብላ መርቃሻለች።"

ዮናስ ቀና አለ። "ማሚ፣ እማማ እኮ እንደዚያ አላሉም!" እማዬ አፉን በመዳፏ ያዘችው። ከወዲያ በኩል ጽጌ ስታለቅስ ይሰማ ነበር።

ስልኩ ሲዘጋ ለምን ዋሸሽ አልናት። "ለእርቅ የተላከ ሽማግሌ የሰማውን ሁሉ ያደርሳል እንዴ? መራራ መራራውን ይውጠዋል እንጂ" አለችን። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ መራራውን ትውጣለች። ለእማማም፣ "ጽጌ ይቅር በይኝ ብላለች" አለቻቸው፤ ጽጌ ግን አላለችም። ሌላ ቀን ደግሞ እማማ ራሳቸው ስለ ሕፃኑ ጥርስ ጠየቁ። እኔ ግን ተጨነቅሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ የሰማሁት ከእማማ ከራሳቸው ነበርና።

ፋሲካ ሲቃረብ እማማ፣ "በይ እንግዲህ አገናኚኝ" አሉ። አሁን ደግሞ ትሪ ዌዩን የፈራችው እማዬ ሆነች። መስመሩ ጥሩ አይደለም አለች፣ ካርዱ ሊያልቅ ነው አለች። እማማ አልሰሟትም። እማዬ ቁልፉን ተጫነችና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው።

"እማማ?" አለች ጽጌ።

"አቤት።"

ከዚያ ጽጌ፣ "የላክሽልኝ ምርቃት ደርሶኛል" አለች።

እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። ዮናስ እኔን አየኝ። እማማ ያልላኩት ምርቃት ነበር፤ ሁላችንም እናውቃለን። ከታች የላውንድሪው ማሽን ሲሽከረከር ይሰማል።

"እንኳን ደረሰሽ፣ ልጄ" አሉ እማማ።

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አይለይም ነበር። እናትና ልጅ እየተሻሙ ያወራሉ፣ ያለቅሳሉ። እማዬም ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ከስልኩ አጠገብ አለቀሰች። ማን ምን ብሎ እንደነበር ሁለቱም ጠይቀዋት አያውቁም።

እማማ ካረፉ ቆይተዋል። እኔ ዛሬ ግሪን ቫሊ ራንች እኖራለሁ፣ ዮናስ ሊትልተን። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ የስልክ መልእክት ግሩፕ ውስጥ ነው፤ ካርድ መፋቅ የለ፣ እሑድን መጠበቅ የለ። ቃላችን ግን ከአፋችን እንደወጣ፣ ንዴቱ ሳይበርድ፣ እንደ ወረደ ይደርሳል። ከፋሲካ በፊት እኔና ዮናስ እማዬ ከማናችን ጋር ትኑር በሚል በጽሑፍ ተጣላን። እሱ የጻፈውን አልደግመውም፤ የእኔ መልስ ከእሱ ይብስ ነበር። ጦርነት የለ፣ መስመር አልተቆረጠ፣ በመኪና ቢሄዱት አንድ ሰዓት አይሞላም፤ እኛ ግን ይኸው ወራት ተዘጋግተናል።

ባለፈው ሳምንት እማዬ ደወለችልኝ። "ዮናስ፣ 'እህቴ ናፍቃኛለች፣ ምግብ እንኳ አልበላ ብሎኛል' አለኝ" አለችኝ።

ዮናስን አውቀዋለሁ። ምግብ አልበላ ብሎት አያውቅም።

"እኔም ናፍቆኛል በይው" አልኳት።