ዳቦ የለመደው መናኝ

ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ ከጤፍና ከሽምብራው ማሳ መካከል አንድ ጥቁር ደን ብቻውን ቆሞ ያያል። ዝግባ ጊዮርጊስ ነው። ዛፍ ስለምንወድ የቆየ እንዳይመስላችሁ፤ እኛ ዛፍ ወዳጆች ብንሆን ኖሮ የቀረው አገር ራቁቱን አይቀርም ነበር። ያቆየው ግዝት ነው። ከደኑ ቅርንጫፍ የቆረጠ፣ በውስጡ የሚኖረውን ጉሬዛ የመታ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ይለያል። ማገዶ ቢጠፋ ኩበት አለ፤ ፍትሐት ቢጠፋ ግን ምን ይደረጋል?

ጉሬዛን በተለይ እናከብረዋለን። ዝንጀሮና ጦጣ ሌቦች ናቸው፤ ጉሬዛ ግን ነጭ ካባውን ደርቦ፣ መሬት ሳይረግጥ፣ ቅጠል እየበላ ስለሚኖር መናኝ ነው እንላለን። ይህ ሁሉ አክብሮታችን ቀና ብሎ እስከማየት ግን አልደረሰም። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።

የደኑ ጠባቂ ሰማው ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የሚከናነብ ሰው ነው። ደኑን ግዝቱ ስለሚጠብቅለት የሰማው ሥራ በር ላይ መቀመጥ ነበር። ሚስቱ ዘርፈሽ፣ "ከአንተ ይልቅ አንዱን ዝግባ ባገባ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ እንኳ ጥላ አለው" ትለዋለች። እንግዲህ ቱሪዝም አገራችን ሲገባ ያገኘው ይህን ሰው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት እንግዶች ካሜራ ይዘው መጡ። አንገታቸው እስኪጣመም አንጋጠው ቢውሉም ከቅጠል መሐል የጅራት ጫፍ እንጂ ሌላ አላዩም። ሰማው እንግዳ ሳይቀምስ በማይሸኝበት ቤት ያደገ ሰው ነውና አዘነላቸው። ከደጀ ሰላሙ የተረፈ የጸበል ጸዲቅ ዳቦ አምጥቶ ከዛፉ ሥር ቆርሶ በተነ። በዚያን ቀን ማንም አልወረደም። እንግዶቹ ሞጣ አድረው ሲመለሱ ግን አንድ ሽማግሌ ጉሬዛ ወርዶ ቁራሹን አሸተተና ጎረሰው።

ፎቶው በስልክ አገር አዳረሰ። ቅዳሜና እሑድ ሚኒባስ በሚኒባስ ላይ ይደረደር ጀመር። ሰማው ጥቁር መነጽር ገዛ፤ "አስጎብኚ" ተባለ። ዘርፈሽም ስለ ዝግባው መናገር ትታ ለእንግዳ ሻይ ማፍላት ያዘች። በጎ አድራጊዎችም "የዱር እንስሳትን እንጠብቅ" የሚል የቆርቆሮ ሰሌዳ አምጥተው በትልቁ ዝግባ ግንድ ላይ በረጅም ሚስማር መቱት። ግዝቱ ስለ መቁረጥ እንጂ ስለ ሚስማር የሚለው ስላልነበረ ማንም አልተቃወመም።

ሰማው በሃይማኖቱ ጥንቁቅ ነው። ረቡዕና ዓርብ ወተት የገባበት ብስኩት የሚሰጥ እንግዳ ካየ፣ "ይቅርታ፣ መናኝ ነው፤ የጾም ስጡልኝ" ብሎ ይቀማል። የጾሙን ብስኩት ግን በገዛ እጁ ያጎርሰዋል። ሁላችንም ጥንቃቄውን አደነቅን።

የለመደች ጦጣ፣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባላል። ስለ ጉሬዛ እንዲህ ያለ ተረት ያልነበረን እስከዚያ ድረስ ስላላስለመድነው ነው። እንግዳ በማይመጣበት ቀን መንጋው ከዛፍ ወርዶ ዳቦ ይጠብቃል፤ ሲያጣ ደጀ ሰላም ይገባል፤ ደጀ ሰላሙ ሲዘጋበት ከአጥሩ ወዲያ ወዳለው የይታያል ማሳ ተሻገረ። ሽምብራው እሸት ነበር።

ይታያል እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ የተነቃቀለ ሽምብራ ታቅፎ በቄሰ ገበዝ ገብረ ሕይወት ፊት ቆመ።

"አባቴ፣ መናኝዎ ጦሜን ሊያሳድረኝ ነው። ግዝቱን ይፍቱልኝ። ከዚያ በኋላ እኔና እሱ በጠመንጃ እንተያያለን።"

"ቆቡን የጣለ መነኩሴ ነው፤ ምን ግዝት አለው!" አለ ሕዝቡ።

"ቆቡን ማን አስጣለው?" ሲሉ ቄሰ ገበዙ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሰማው ዞረ። ትናንት ጉሬዛ አቅፎ ፎቶ ለመነሣት ሲጋፋ የነበረው ሁሉ ዛሬ ጣቱን ቀሰረ።

"ሽምብራው እስኪሰበሰብ ታገሡ" ብለው ፈረዱ ቄሰ ገበዙ። "ከዛሬ በኋላ አንድ ጉሬዛ ማሳ ከረገጠ ግዝቱን እፈታዋለሁ። ሰማው፣ አንተ አውርደኸዋል፤ አንተ አውጣው።"

ሰማው እንግዶቹን "ጉሬዛው ንስሐ ገብቷል" እያለ ከበር መለሰ። ዳቦም ከለከለ። በማግስቱ ሽማግሌው ጉሬዛ እግሩ ሥር መጥቶ ተቀመጠና የጋቢውን ጫፍ ያዘ።

"አባቴ፣ ይውጡ" አለው ሰማው። "ይገድሉዎታል። ስለ ጊዮርጊስ ብለው ይውጡ።"

አልወጣም። ሰማው ድንጋይ አንሥቶ ወረወረ፤ ሆን ብሎ ሳተው። ጉሬዛው ዳቦ መስሎት ሄዶ አሸተተው። ይህን ሲያይ ሰማው ማልቀስ ጀመረ፤ እያለቀሰም ሁለተኛውን ትከሻው ላይ አሳረፈው።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ወንጭፍ ይዞ ደኑን ይዞር ጀመር። መንጋው ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወጣ፤ ቅጠሉንም አስታወሰ። ይታያል ሽምብራውን ሰብስቦ ወቃ፤ ጠመንጃው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። አገሩ ሁሉ እፎይ አለ። እፎይ ካለ በኋላ ደግሞ ሌላ ሥራ ስላልነበረው አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ጉሬዛ የመታ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ይለያል።

ግዝቱ ሊያድን የመታና ሊገድል የመታ ብሎ አይለይም። ሰማው ለቅዳሴ ከውስጠኛው ቅጥር እንዳይገባ ተነገረው። ጉሬዛውን በጠመንጃ ሊያየው የነበረው ይታያል ከፊት ቆሞ ያስቀድሳል።

ቄሰ ገበዙ ሰውየውን ይወዱታልና የሚያዝያ ጊዮርጊስ ሊደርስ ሲል አስጠሩት። ዘርፈሽም ነጠላዋን አደግድጋ አብራው ሄደች።

"ዳግመኛ አልመታም በልና እግዚአብሔር ይፍታህ ልበልህ።"

"ለንግሡ ስንት ሰው ብስኩት ይዞ ይመጣል፣ አባቴ። ጉሬዛው ከወረደስ?"

"እሱን ተወው። አልመታም በል።"

ዘርፈሽ በክርኗ ጎሸመችው። "በል እንጂ! ሳትፈታ ብትሞትብኝ የት ልቅበርህ?"

ሰማው መስቀሉን ሊሳለም ጎንበስ ካለ በኋላ ተመልሶ ቀና አለ። ያን ሁሉ ዘመን ጠባቂ ሲባል ኖሮ የጠበቀው ነገር ቢኖር አሁን ገና ነው፤ ይህን እሱም ያውቀዋል።

"በመስቀልዎ ፊት እንዴት ልዋሽ፣ አባቴ?" አለ። "ነገም እመታዋለሁ።"

በንግሡ ዕለት ታቦቱ ሲወጣ ሕዝቡ እልል አለ። ሰማው ከቅጥሩ ውጭ፣ ድንጋይ በእጁ ይዞ ቆሟል። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ዝግባ ሽማግሌው ጉሬዛ ወደ ሕዝቡ፣ ወደ ዳቦው ሽታ ጥቂት ወረደ። ወዲያው ሰማውን አየው። ዞሮ ወደ ጫፉ ወጣና ተሰወረ።

"ተመስገን" አለ ሰማው እንባውን እየጠረገ። "አሁንም ይጠላኛል።"