ጠመንጃ የማይቆምበት ቀብር

ሰዎች፣ አቤቱታ አለኝ። ጋሽ ሮይ ትናንት ዳማ ስንጫወት ሁለት ቆርኪ ብቻ ሲቀረው «ነገ እንጨርሰዋለን» ብሎ ተነሳ። እኔ እያሸነፍኩ!

ጠዋት ሰሌዳውን ሳልነካ ጠበቅኩት። በእሱ ፋንታ የእድር ጥሩምባ ሰማሁ። አላመንኩም። ቆርኪዎቹን እስካሁን አላነሳሁም።

ለማታውቁት፦ ጋሽ ሮይ አሜሪካ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ መጥቶ አቃቂ ባቡር ጣቢያ መካኒክ ሆኖ የቀረ ጥቁር ሰው ነው። እኔ እዚያው እቃ ጫኝ ነበርኩ። ያኔ የውጭ ሰው ሁሉ «ሙሴ» ስለሚባል «ጥቁሩ ሙሴ» እያልኩ አበሽቀው ነበር።

አንድ ቀን የዘበኛውን ኮፍያ አጥልቄ ከኋላው «ቁም!» አልኩት።

መፍቻውን ጣለ። ሁለት እጁን ሰቅሎ ደርቆ ቀረ። እየሳቅኩ ፊት ለፊቱ ብዞር እንባው ይወርዳል።

ምሳ ላይ ነገረኝ። በአገሩ ፖሊስ ታላቅ ወንድሙን ደጃቸው ላይ አስቆመው። መታወቂያ ሊያወጣ እጁን ኪሱ ሲከት ተኩሶ ገደለው። ማንም አልተጠየቀም። በአባቱም፣ በአያቱም ዘመን እንዲሁ ነበር። በቀብሩ ቀን ፖሊሶቹ ጠመንጃ ይዘው መቃብሩን ከበቡ።

«እናቴ ጮክ ብላ ማልቀስ ፈራች» አለኝ።

በደርግ ጊዜ ኬላ ላይ ወታደር አስቆመን። እኔ ሞኙ ሲጋራ ላወጣ እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። ጋሽ ሮይ የእጄን አንጓ ጨምድዶ ያዘኝ። «እጅህ ይታይ፣ አንተ ቀልደኛ!» የወታደሩ ጣት ቃታው ላይ ነበር። ያ ጣት እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ ያባንነኛል።

ባለፈው ሳምንት ቆርኪ እየደረደረ «ስሞት መቃብሬ ላይ ጠመንጃ እንዳይቆም። አልማዝ ጮክ ብላ ታልቅስ» አለኝ። አልማዝ ባለቤቱ ናት።

«እኔ ብቀድምህስ?»

«አንተንማ ሞትም ቀልዱን ነው ብሎ ያልፍሃል።»

ማልኩለት።

ቆዩ፣ በሬ ተንኳኳ።

ፖሊስ ነው። የጎረቤታችን ልጅ፣ ክላሹን እንዳነገተ።

«አባባ፣ ነገ ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው? ተረኛ ነኝ፤ ግን አስፈቅጃለሁ። እንዳለሁ፣ ከነመሣሪያዬ መጥቼ አስከሬኑን እሸከማለሁ።»

ደግ ልጅ ነው። እኔ ግን ሳላውቀው ሁለት እጄን የበሩ መቃን ላይ ለጥፌያለሁ። ግባ አልኩት። ጫማውን እያወለቀ ነው፤ እኔ ይህችን እጽፋለሁ።

ጋሽ ሮይ፣ ሰባ ዓመት አልፎኝም ጠመንጃ እፈራለሁ። ግን አሁን ልነግረው ነው፦ ጠመንጃህን ትተህ ና። እጄ እየታየ እነግረዋለሁ።

ደህና ሁን ጋሼ። ነገ እትዬ አልማዝ ጮክ ብላ ታለቅስልሃለች።