እናቶቹን የዘለለው ገጽ

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው ልጄ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ወደ እኔ መጣና፣ «አባዬ፣ ይህን እውነት አንተ ነህ የሠራኸው?» አለኝ። ትምህርት ቤት የቤተሰባችሁን ታሪክ ጽፋችሁ ኑ ተብለው ኖሮ፣ የአያቱን ስም ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ያገኘው ገጽ ነው። መደቡ ደማቅ ቢጫ፣ ርዕሱ ቀይ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት የምትሽከረከር ትንሽ ሉል አለች። «ዓይን ያጠፋል እኮ» ብሎ ሳቀብኝ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ወደ ታች እያወረደ ሄዶ፣ «የሴቶቹ ስም ብቻ ለምንድን ነው በአረንጓዴ የተጻፈው?» ሲለኝ ግን ሳቄ ቆመ። «በኋላ ስለ ገቡ ነው» አልሁት። እሱ በመልሱ ረክቶ ሄደ፤ እኔ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ዕድሜዬ ሃያ ሰባት፣ ያለኝ ጫማ አንድ፣ ለራሴ የሰጠሁት ግምት ግን የትየለሌ። በክረምት ለመምህራን የኮምፒውተር ሥልጠና ተሰጠንና፣ አሠልጣኙ በመጨረሻው ቀን ድረ ገጽ እንዴት እንደሚሠራ በሁለት ሰዓት ውስጥ አሳየን። ከዚያ ሁሉ ሠልጣኝ መካከል ልቡ የሸፈተ እኔ ብቻ ነበርሁ። ትእዛዞቹን በደብተር ገልብጬ፣ መነኻሪያው አጠገብ ባለችው ሁለት ኮምፒውተር ብቻ በነበራት ኢንተርኔት ቤት ከሥራ ስወጣ እየሄድሁ መታገል ጀመርሁ። የማርቆስን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ሲጀምር መስመሩ ይጠፋል፣ ሲያባራ ደግሞ መብራቱ። አንድ ቀን አንዲት ቅንፍ ብረሳ የአባቴ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ቀልቶ ቁጭ አለ። ሌላ ቀን ደግሞ ገጹን የእኛ ፊደል ያልተጫነበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብከፍተው አያት ቅድመ አያቶቼ በሙሉ ባዶ ሣጥን ሆነው ተሰልፈው ጠበቁኝ። በመጨረሻ ስሞቹን በእኛም በፈረንጅም ፊደል ደጋግሜ ጻፍኋቸውና ዕረፍት አገኘሁ።

ለሰው የምናገረው ምክንያት የዘር ታሪካችን እንዳይጠፋ የሚል ነበር። ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ መሠረት ትባላለች። የአማኑኤል ከተማ ልጅ ናት፤ እዚያው ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምር ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ በዕረፍት ሰዓት አብረን ሻይ ስንጠጣ ቆይተን፣ ከዚያ ወዲያ አብሮ ሻይ መጠጣት ብቻ የማይበቃን ሆነ። በእኛ አገር ደግሞ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። ልጅቱና ልጁ ከሰባት ቤት ወዲህ ከተገናኙ ዘመድ ናቸውና ጋብቻ የለም። እኔም የእኔን የአባቶች ቆጠራና እሷ ከአባቷ የተቀበለችውን ቆጠራ ጎን ለጎን አድርጌ ገጹ ላይ አሰፈርሁ። አንድ ስም እንኳ አልገጠመም። ደስታዬን ምን ልበላችሁ፤ በወረቀት አሳትሜ፣ በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ ወደ እትዬ ታንጉት ገሠገሥሁ።

እትዬ ታንጉት የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። አባቴ ከሞተ በኋላ ለቤታችን አባትም እሳቸው ነበሩ፤ ያለ እሳቸው ቃል ሽማግሌ መላክ አይታሰብም። ቤታቸው ከሉማሜ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ያስኬዳል። ወሩ ጥቅምት ነበር። ጭቃው ደርቆ፣ ጤፉ ዘንፈል ዘንፈል ማለት ጀምሮ፣ ውኃ መውረጃው ሁሉ ኩልል ብሎ፣ መንገዱን እያፏጨሁ ነው የጨረስሁት። ስደርስ ደጃፋቸው ላይ ቁርበት አንጥፈው የባቄላ እሸት ሲፈለፍሉ አገኘኋቸው። ግቢው ውስጥ ጌሾ ተሰጥቷል፤ ለምን እንደ ተሰጣ ልብ አላልሁም።

እሸቱን እየበላሁ ወረቀቱን ዘርግቼ አነበብሁላቸው። አባት ከአባት፣ እስከ ዘጠነኛው ድረስ። ሰምተው ጨረሱና፣

«ደግ ነው» አሉ። «ካልሁህ አንድም አላጎደልህ። ግን ይቤ፣ ይኸን ሁሉ ወንድ ማን ወለደው?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«እርስዎ እኮ ነዎት የነገሩኝ» አልኋቸው።

«አባት ከአባት ይንገሩኝ አልኸኝ፣ የጠየቅኸኝን መለስሁልህ። ለመሆኑ እኔስ አለሁበት?»

ወረቀቱን አገላበጥሁ። ወንድሞቻቸው በሙሉ አሉ፤ ታሪኩን ሁሉ የነገሩኝ ሴት ግን የሉም። ያን ጊዜ የተሰማኝ እፍረት ዛሬም ፊቴን ያሞቀዋል።

እዚህ ላይ ስለ እሳቸው ልናገር። እትዬ ታንጉት ፊደል አልቆጠሩም። ግን በልጅነታቸው አባታቸው ርስት ሲሟገቱ ስንቅ ይዘው ይከተሉ ነበርና፣ ከኋላ ተቀምጠው የተባለውን ሁሉ በጆሯቸው አስቀሩት። በዚያ ዘመን ርስት በአባትም በእናትም ይወረሳል፤ ተሟጋች የሚረታው ቆጥሮ ነው። አባታቸው ስም ሲጠፋባቸው ዞር ሳይሉ ዝም ይላሉ፤ ልጅቱ ከኋላ ቀስ ብላ ስሙን ታቀብላለች። ዳኛው የሰሙት አባትየውን ነው፤ የረታችው ግን እሷ ናት። ይህንንም ከሌላ ሰው ሰማሁት እንጂ እሳቸው ለራሳቸው ሲያወሩት አልሰማሁም።

የመጣሁበትን ነገር አነሳሁ። መሠረትን ባለፈው ፋሲካ ይዣት መጥቼ አይተዋታል፤ ወደዋታልም። የአባቷን ቆጠራ በድጋሚ አስነበቡኝና፣ «በእናቷስ የማን ልጅ ናት?» አሉ። የእናቷን ስም ነገርኋቸው። «የእናቷ እናትስ?»

«እንጎቻ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

እጃቸው ባቄላው ላይ ቆመ። «ከእንጎቻ ወገን ጋር እኮ አባቴ ሰባት ክረምት ተሟግቷል።»

«እንግዲያ ጠላት ናቸዋ» አልሁ፣ ለመቀለድ።

«ዘመድ ናቸው እንጂ። ባዳ ምን ብሎ ርስት ይሟገትሃል?»

ባቄላውን ወደ ጎን አደረጉና ሁለቱን እጆቻቸውን ዘረጉ። ግራው የእኔ፣ ቀኙ የእሷ። እኔ ከአባቴ ጀምሬ ወደ ላይ፣ እሷ ከእናቷ ጀምራ ወደ ላይ፣ በየጣቱ አንድ አንድ ስም እያሳረፉ ቆጠሩ። በግራው አምስተኛ ጣት ላይ ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ደረሰች፤ በቀኙ አምስተኛ ጣት ላይ ጠጂቱ። «እህትማማች ናቸው» አሉ። «አንዷ ወደኛ ተዳረች፣ አንዷ ወደ አማኑኤል።» ከዚያ ሁለቱን መዳፎች ገጠሙና፣ «አባታቸው ገላው» አሉ።

ስድስት። አንድ ቤት ጎደለን።

«እትዬ፣ አንድ ቤት እኮ ነው። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። አሁን ደግሞ አንተ።» ባቄላውን መልሰው ወደ ራሳቸው ሳቡ። «ሽማግሌ ብትልክ አልከለክልህም፤ ለሰውም አላወራም። ቁጠሪ ካሉኝ ግን አጉድዬ አልቆጥርም።»

ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር። እሱ ነው ያናደደኝ። እሸቱን ሳልጨርስ ተነሥቼ፣ የመጣሁበትን መንገድ ሳላፏጭ ተመለስሁ፤ ከአንድ ወር በላይም አኮርፌ ቤታቸው አልረገጥሁም። ጌሾው ለእኔ ሠርግ ጠላ የተሰጣ እንደ ነበር ከጎረቤታቸው የሰማሁት ቆይቶ ነው።

ለመሠረት ስነግራት አላለቀሰችም። «እናቴን ልጠይቃት» ብቻ አለችና ቅዳሜ አማኑኤል ሄደች። ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። እናቷ የእኔን አክስት ቆጠራ ሳይሰሙ የቆጠሩት ነው። ወደ ታች ስወርድ ጠጂቱ አለች፤ ከጠጂቱ በታች ገላው።

«ገጹን እንዳለ እንተወው» አልኋት። «እናቶቹ አልተጻፉም። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ እንደሌለ ነው።»

ሻይዋን አስቀመጠች። «ይበልጣል፣ ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። ስድስት ትውልድ ምንም እንደማያደርግ ከአንተ ይልቅ እኔ አውቃለሁ። ግን እናቴ እያወቀች ሠርጌ ላይ እንድትዘፍን አልፈልግም። አክስትህስ? እያወቁ ሊመርቁን ነው?»

ወረቀቱን አንሥቼ እንደ ገና አነበብሁት።

«ተነሥ» አለችኝ፤ «የጎደለውን እንጻፍ።»

ያን ቀን ከትምህርት በኋላ ኢንተርኔት ቤቷ ውስጥ በአንድ ወንበር ግማሽ ግማሽ ተቀምጠን ጻፍን። እሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ቀድሞ የገባውንና አሁን የገባውን እንድንለይ ብላ አረንጓዴውን ቀለም የመረጠችው እሷ ናት። ስሞቹን የሚያገናኝ መስመር መሳል ገና አላወቅሁበትም ነበርና ሦስት ጊዜ ተበላሸብኝ። በመጨረሻ ተሳካ፤ ከእኔ ስም ተነሥቶ ወደ ገላው የሚወጣ፣ ከገላው ተነሥቶ ወደ እሷ ስም የሚወርድ። ስሟን ከስሜ ጋር በመስመር ተገናኝቶ ለማየት ስንት ወር የደከምሁበት ነገር በገዛ እጄ ሆነ፤ እንዲህ ግን አልነበረም የተመኘሁት። እሷ ስክሪኑን እያየች፣ «አሁን ሙሉ ሆነ» አለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ ስታዞር ግን ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለእትዬ ታንጉት እናንብብላቸው ያለችኝም እሷ ናት። እኔ እሺ ያልሁት ግን ወር ካለፈ በኋላ ነው፤ አንድ እሁድ ሄድን። እትዬ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አቅፈው ሳሟትና፣ «ሚስቱ እንድትሆኚ ነበር የፈለግሁ» አሏት፣ ፊት ለፊት፣ እኔ እየሰማሁ። ሦስታችንም አለቀስን። ከዚያ እንብላ አሉን፤ የገብስ ቂጣ በቅቤ በላን። ስለ እኔ ኩርፊያ አንድ ቃል አላነሱም።

መሠረት ከዓመት በኋላ ባሕር ዳር ተዛውራ እዚያው አገባች፤ እኔም በጊዜዬ አገባሁ፣ ባለቤቴም ይህን ሁሉ ታውቃለች። እትዬ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆናቸው። በቀብራቸው ቀን መሠረት መጥታ ከዘመድ ሴቶች ጋር ቆማ አለቀሰች፤ ማንም ምንሽ ናቸው ብሎ አልጠየቃትም። ልጆቿ አጎቴ ይሉኛል።

ባለፈው ጥር ትልቋ ልጇ ደወለችልኝ። «አጎቴ፣ ሽማግሌ ሊልኩብን ነው። እማማ አንተ ቁጠርላቸው ብላለች።» የልጁን ወገን ስሞች ላከችልኝ። በአባትም በእናትም፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቆጠርሁ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ከመጀመሪያው ደግሜ ቆጠርሁ፤ አልፌ እስከ ስምንተኛው ወጣሁ። የትም አይገናኙም። ደውዬ፣ «አልፋችኋል፣ ልጄ» ልላት ብል ድምፄ ተያዘ፤ ሁለተኛ ለመጀመር ተገደድሁ። እሷ በደስታ ስትስቅ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁባት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያሰብሁት ግን እትዬን ነው። እኔ የምሥራች ለመናገር ድምፅ አጣሁ። እሳቸው የወንድማቸውን ልጅ ክፉ ወሬ ሲነግሩት፣ ደጃፋቸው ላይ የሠርጉ ጌሾ ተሰጥቶ እያለ፣ ድምፃቸው እንዳይሰበር ምን ያህል ታግለው እንደ ነበር ሃያ ዓመት አልፎ ገባኝ። እኔ ያን ጊዜ ያሰብሁት እንደማይወዱኝ ነበር።