ለሦስት መኪና አንድ መጋጠሚያ

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ አንድ ዓይነት፣ ባለ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና በየግላችን የምንነዳ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ እኔ ከሟች ባለቤቴ ወርሼ፣ አንድ ፋርማሲስት ጎረቤቴ፣ አንድ ደግሞ ጡረታ የወጡ አዛውንት። "የምንነዳ" ማለቴ ለክብራቸው ብዬ ነው እንጂ የአዛውንቱ መኪና ጎማ አጥታ ግቢያቸው ውስጥ ድንጋይ ላይ ከተቀመጠች ቆይታለች።

መኪናዋን የሠራው የውጭ ፋብሪካ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። የመሪው መጋጠሚያ ሊሰበር ስለሚችል እስኪለወጥ ድረስ መኪናዋ እንዳትነዳ፣ መለወጫውንም በነፃ እንልካለን ይላል። አስመጪው ድርጅት ተወርሶ ስለነበር ደብዳቤው የደረሰው አዲሱ ሹም እጅ ነው፤ እሱም "የቅንጦት ጉዳይ" ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ልጄን የምተውለት ሰው አጥቼ ከጎኔ አስቀምጬ ወለንጪቲ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ሥራዬ እመላለስ ነበር። የቱ ላይ ነው ቅንጦቱ?

ነገሩን ከድርጅቱ ሠራተኛ ሰምተን ደጅ ስንጠና ከርመን አንድ መጋጠሚያ ብቻ ደረሰን። ክረምቱ ሲገባ ጋራዥ ተሰበሰብን። ፋርማሲስቱ፣ "ለእሷ ይሁን፤ ልጅ ይዛ ነው የምትሄደው" አለ። ምናለ ዝም ብል ኖሮ። ይሉኝታ ያዘኝና፣ "የለም፣ ዕጣ ይውጣ" አልኩ። ወጣ፤ ለአዛውንቱ ደረሰ።

ዕጣ ደግሞ አንዴ ከወጣ እግዜር የፈረደው ነው፤ አይነካም። እኔ ግን ሳምንት ቆይቼ ቤታቸው ሄድኩ። መጋጠሚያው ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ጎን ተቀምጧል።

"አባባ፣ መኪናዎ እስክትነሣ ድረስ ያውሱኝ" አልኳቸው።

"ጎማ ያገኘሁ ዕለትስ ምን ልሆን ነው፣ ልጄ?"

የቀረበልኝን ለስላሳ ጠጥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። አመስግኜ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል መቂ መንገድ ላይ የፋርማሲስቱ መሪ ከዳው። መኪናው ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ተገለበጠች፤ እሱ ሁለት እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። ልንጠይቀው ሆስፒታል ስንሄድ አዛውንቱ መጋጠሚያውን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘው መጡ። "ይኸው፣ አንተ ውሰደው" አሉት። መኪናዋ እንደሆነች የተጨማደደ ቆርቆሮ ሆናለች። እሱም ጨዋ ነውና ከትራሱ ቀና ብሎ አመሰገናቸው።

"እንግዲያውስ ለእኔ ይስጡኝ" አልኩ።

አዛውንቱ አሰብ አደረጉና፣ "ሁለት ቀርተናል፤ እንደገና ዕጣ እናውጣ" አሉ።

ከነመሐረቡ ከእጃቸው ወስጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ደህና ይዋሉም አላልኳቸው። በቀጥታ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ አሮጌውን መጋጠሚያ ፈትቶ መዳፌ ላይ ሲያኖረው እስከ ግማሹ ተሰንጥቋል። በዚያ ስንጥቅ ነው፣ ለይሉኝታዬ ብዬ፣ ልጄን ክረምቱን ሙሉ ያመላለስኳት።