ጋቢ የለበሰች መኪና

እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት መርካቶ ሚስማርና ብሎን ስሸጥ፣ የሸቀጥ ሣጥን ላይ የተጻፈውን መንገደኛውን ሁሉ እየጠየቅሁ ነው። ያልተማረ ሰው የሌላ ሰው ዓይን ተበድሮ የሚኖር ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ሴት ልጄ «ሁለተኛ ትምህርት ቤት አልሄድም» ስትለኝ ነገሩን ቀላል አድርጌ ማየት አልቻልኩም።

በሕፃንነቷ የያዛት ትኩሳት ቀኝ እግሯን አስንፎት ስለቀረ ሩቅ መንገድ አትችልም። ባለፈው ዓመት ከገበያው ተሸካሚዎች አንዱ በጀርባው እያዘለ ያደርሳት ነበር። ሰውዬው ጨዋ ነው። የትምህርት ቤቱ ልጆች ግን «ጆንያው መጣ፣ አውርዱት» ይሏታል። ክረምት ሲገባ በሰው ጀርባ እንደማትሄድ ቁርጡን ነገረችኝ። ተቆጣሁ፤ ስለ ትዕግሥትም ብዙ መከርኩ። ሰምታ ስትጨርስ «አባባ፣ እርስዎን ሰው አዝሎዎት ያውቃል?» አለችኝ። በማግስቱ መኪና ፍለጋ ወጣሁ።

መሳለሚያ አንድ ጋራዥ ጓሮ ውስጥ ከጣሊያን ጊዜ የቀረች ባለ ሁለት በር ትንሽ መኪና ቆማ ነበር። ሞተሯ ደህና ነው፤ አካሏን ግን ዝገት ወርሶታል። ልገዛት ስጠይቅ የጋራዡ ባለቤት «ጋሼ፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ይድፈኑና ቀለም ደፍተውባት ይንዱ። ማን ያያል?» አለኝ።

ሰውም ይሁን ዕቃ፣ ከላይ አምሮ ከውስጥ የበሰበሰ ነገር አልወድም። «ብረቷ እስኪታይ እፍቃታለሁ» አልኩት።

ሳቀብኝ። «እንግዲያው ይህን ይወቁ። የተላጠ ብረት ሳይቀባ አያድርም። በክረምት፣ እንኳን ዝናቡ፣ እርጥበቱም ይበቃዋል።»

ገዛኋትና አስገፍቼ ግቢዬ አስገባኋት። ከሱቅ ስመለስ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እፍቃለሁ፤ የፋቅሁት ቦታ ተመልሶ እንዳይዝግ ዘይት አብስበታለሁ። ከቀለሙ ሥር ሌላ ቀለም አለ። ከሱም ሥር ቡናማ ቅርፊት። ጥፍር የምታህል ነጥብ ፍቄ ጨረስኩ ስል መዳፍ የሚያህል ይገለጥልኛል። ልጄ መስኮት ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር።

«አባባ፣ ፍቀው ፍቀው መሪዋን ብቻ እንዳያስቀሩልኝ» ትለኛለች። ሥራ ላይ ቀልድ አልወድም፤ የሷን ግን አሳለፍኩት።

ነሐሴ ሲገባደድ አንድ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ሱቄን ሳልከፍት ዋልኩ። ቀለም ዘይት ላይ ስለማይዝ ዘይቱን ሁሉ በቤንዚን ጠረግሁ፤ በደቃቁ ብርጭቆ ወረቀት የመጨረሻውን አሸት አድርጌ እንደ አዲስ ቢላ አብለጨለጭኳት። ዝገት የሚከለክለውን ቀይ ቀለም ከፍቼ በእንጨት ማማሰል ስጀምር የእድራችን ጥሩምባ ተነፋ። ከበላያችን የሚኖሩ አዛውንት ዐርፈው ነው።

የእድሩ ዳኛ እኔ ነኝ። ድንኳኑ የሚቀመጥበት ቤት ቁልፍም ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ከዚህ ቀደም ሥራ ገጥሞኝ ነው ብሎ ከቀብር የቀረ ሰው በስብሰባ መካከል አስነሥቼ «ሥራ ይጠብቃል፣ ሙት አይጠብቅም» ብዬ ወቅሼዋለሁ። ስለዚህ የቀለሙን ቆርቆሮ ከድኜ ሄድኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ፍትሐቱ ሳያልቅ ደመናው ከእንጦጦ በኩል መውረድ ጀመረ። ለሟቹ ማዘን ሲገባኝ የማስበው ስለ ብረት ነበር። የመጀመሪያዋ ጠብታ እጄ ላይ ስታርፍ አፈሩ ገና አልተመለሰም። ወዴት እሄዳለሁ? ባርኔጣዬን አውልቄ እዚያው ቆምኩ።

ለቀስተኛውን ድንኳን አስገብቼ አመሻሽ ላይ ስመለስ መኪናዋ ጋቢ ለብሳ ጠበቀችኝ። ጣራዋ ላይ የእኔ ጋቢ፣ ኮፈኗ ላይ የባለቤቴ፣ ከኋላ ደግሞ የጎረቤታችን ብርድ ልብስ። ጎረቤታችን በርበሬ በረንዳ የሚነግዱ የወሎ ሴት ናቸው። እጃቸውን አጣምረው ከባለቤቴ ጋር በኩራት ቆመዋል።

«ጋሼ፣ አይስጉ፤ ዶፉ አላገኛትም» አሉኝ። «ሐሳቡ የልጅዎ ነው። እኛ ከመስኮት እንዳዘዘችን ነው ያለበስናት።»

«እርስዎ እርጥበት ይበላዋል ሲሉ ሰምቼ ነው» አለች ልጄ።

የጋቢውን ጫፍ አነሣሁ። ዝናቡ ብቻውን ቢሆን ወርዶ ያልቅ ነበር። ጥጡ ግን ውኃውን ጠጥቶ ከቀትር እስከ ማታ ብረቱ ላይ አቅፎ ይዞታል። ከሥሩ ያ የሚያብለጨልጭ ብረት ብርቱካን መስሏል፤ የጋቢው ድርና ማግ ሳይቀር ታትሞበታል።

ለሰነፍም ለዋሾም የምለው አላጣም። ደግ ለሠራ ሰው የሚሆን ቁጣ ግን አልነበረኝም። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

ልጄ ፊቴን አይታ «አበላሸሁባት?» አለች።

«ዝገቱ ድሮም ነበረባት» አልኳት። ይህ ግማሽ እውነት ነው።

በማግስቱ እንደ አዲስ መፋቅ ጀመርኩ። አሁን ግን የሚያልቀው ብረቱ ራሱ ሆነ። ከበሩ ሥር ጫን ስል ብሩሹ ወደ ውስጥ ገባ። ደጋግሜ የፋቅሁት ከወንበሩ ሥር ያለው ወለልም በአውራ ጣት ሲነካ ይፈረፈራል። የጋራዡን ባለቤት ጠርቼ አሳየሁት፤ ያን ቀን አልሳቀም። «ወለሉ ተቆርጦ ላሜራ ይበየድበታል፤ እሱም ብየዳውን የሚሸከም ጠርዝ ከተገኘ ነው። ለመስከረም አትደርስልዎትም» አለ።

ደህና የቀረውን ብረት ቀይ ቀለሙን ቀባሁት። ቀይ በቀይ ሆና፣ ሆዷ ተቀዶ ቆመች። ልጆቼን ሰው በትጋት የማያሸንፈው ነገር የለም እያልኩ ነው ያሳደግኋቸው። ወለሉን የበሳው ግን ትጋቴ ነው።

ትምህርት በተከፈተ ቀን ልጄ ዩኒፎርሟን ለብሳ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬ ትነሣለች?»

«አትነሣም።»

«ነገስ?»

ወደ መኪናዋ ዞር ብዬ አየሁ። ቦርሳዋን እቅፏ ውስጥ አድርጋ መንገዱን ማየት ጀመረች። ተነሽ ብዬ ላዛት አልቻልኩም፤ ተይው ልላትም አልቻልኩም። እንዲህ እንዳለን ጎረቤታችን በርበሬ የሚያመላልስላቸውን የፈረስ ጋሪ ባዶውን አስከትለው መጡ።

«ነይ ውጪ የኔ እመቤት። ይኸው፣ ይህም ጎማ አለው» አሏት።

ልጄ ጋሪውን አየች፤ ከዚያ እኔን። «አባባ፣ እርስዎም አብረው ይወጣሉ?»

በዚያ መንገድ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ነው ሰላም የሚለኝ። ወጣሁ። ጣውላው ላይ የቀረው የበርበሬ ብናኝ ሁለታችንንም ያስነጥሰን ጀመር። አንድ ባለሱቅ ከበሩ ላይ ሆኖ «ጋሼ፣ ዛሬ ኪሎው በስንት ነው?» ብሎ ጮኸ። እኔ ሳልመልስ ልጄ «እሳቸው በችርቻሮ አይሸጡም» አለችው።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጆቹ ሳቁ። የምመክራቸውን ፈልጌ አፌን ስከፍት አስነጠሰኝና የባሰ ሳቁ። ደግፌ አወረድኳት።

«ነገም ይመጣሉ?» አለችኝ።

«እመጣለሁ» አልኳት። ሌላ የማደርግላት ነገር አልነበረኝም።