ሾላው ስንት ያወጣል?

ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ላንቻ

ታክሲው ውስጥ ጋቢና ተቀምጫለሁ። ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ ዐውደ ጥናት አለ፤ ለአንድ የውጭ አገር የኢኮኖሚ ባለሙያ ላስተረጉም ነው የምሄደው።

«በጠዋቱ የምን ስብሰባ ነው?» አለኝ ሾፌሩ።

«ተፈጥሮ ስንት ብር እንደምታወጣ ልንተምን።»

«በቃ፣ ለአየሩም ታሪፍ ሊወጣለት ነዋ!»

መስቀል አደባባይ ወረድኩ። ሯጮቹ ደረጃው ላይ ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ አየሩን ገና በነፃ ነው የሚስቡት።

3 ሰዓት፣ ካዛንቺስ

የአዳራሹ መስኮት ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ የታሸገ ውሃ፣ ከረሜላ። ባለሙያው «ተፈጥሮ ብዙ ዓይነት ዋጋ አላት» ብሎ ጀመረ፤ የጥላው፣ የእምነቱ፣ የትዝታው፣ መኖሩ ብቻ የሚሰጠው ደስታ። ደስ ብሎኝ አስተረጎምኩ። ምሳ ሳይደርስ ሁሉም ወደ ብር ተመንዝሮ አለቀ። ተሰብሳቢው አጨብጭቦ ወደ ቡፌው ተጋፋ።

8 ሰዓት፣ ቂርቆስ

ለመስክ ሥራ ወጣን። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በተጣበቁት የቀበሌ ቤቶች መሐል አንድ ትልቅ ሾላ አለ። መንገድ ሊሰፋ ስለሆነ ዛፉ ይቆረጥ አይቆረጥ የሚወሰነው በዚህ ጥናት ነው ተብሏል። ነዋሪዎቹ አግዳሚ ላይ ተራ ይዘዋል። መጀመሪያ የቀረቡት የእድሩ ዳኛ እማማ ዘነበች ናቸው።

«እማማ፣ ዛፉ እንዳይቆረጥ በወር ስንት ብር ለመክፈል ፈቃደኛ ነዎት?»

«ለማን ነው የምከፍለው? ለዛፉ?»

«ይከፈላል እንበል ነው እማማ።»

«ልጄ፣ የባለቤቴ የሐዘን ድንኳን የተተከለው እዚህ ሥር ነው። ጎረቤቴ ሐጂ ሲያልፉም ለቅሶ የተቀመጥነው እዚሁ ነው። የተጣላ የሚታረቀው እዚህ። ስንት ልበለው?»

ቃል በቃል አስተረጎምኩ። ባለሙያው በትሕትና ራሱን ነቅንቆ «ጥሩ፤ በብር ስንት ይሆናል?» አለ።

«ስንት ነው የሚባለው የሚሸጥ ነገር ነው» አሉ እማማ። «ይሄ አይሸጥም።»

ቅጹ ላይ ዜሮ ጻፈ።

«ለምን ዜሮ?» አልኩት።

«ዋጋ አልሰጡትም።»

«በዋጋ አይተመንም ነው ያሉት እኮ!»

«ቅጹ ለእሱ የሚሞላ ሣጥን የለውም።»

እማማ ዓይን ዓይኔን እያዩ «ምን ብሎ ጻፈ?» አሉኝ። መዋሸት እችል ነበር። የቀን አበሌም ከእሱ እጅ ነው።

«ዜሮ ብሎ ነው የጻፈው፣ እማማ።»

አልጮኹም። መነጽራቸውን አስተካክለው ቅጹን ከፊቱ ሳቡና ስማቸውን በራሱ እስክሪብቶ ሰረዙ። ከዚያ ወደ አግዳሚው ዞሩ፤ «ተነሡ። ሰውዬው ሾላችን ምንም አያወጣም ብሏል።» አንድ በአንድ ተነሥተው ወደየቤታቸው ገቡ።

10 ሰዓት፣ መመለሻ

መኪናው ውስጥ ባለሙያው ባዶዎቹን ቅጾች አገላበጠ። ትንሽ ቆይቶ «አንተ የአካባቢውን ሰው ታውቃለህ፤ ማለቴ፣ የቀሩትን በግምት ብትሞላልኝ? አበልህን እጨምራለሁ» አለኝ።

ስንት ዓመት ተምሮ የመጣበት እውቀት እዚህ ላይ ደረሰ! መኪናውን አስቁሜ ወረድኩ።

«በሩን በደንብ ዝጋው» አለኝ ባለሙያው፤ «አቧራ ይገባል።»

ዘጋሁለት። አበሌን ሳልቀበል፣ በአቧራው መሐል በእግሬ ሰፈሬ ላንቻ ገባሁ።